በምሳ ቦርሳሽ ውስጥ የተገኘው ክር

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 8

ውድ ከይሪያ፣

«እንደምን ነሽ» ብዬ እየጀመርኩ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ደህንነትሽን የመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ስለዚህ በራሴ ልጀምር። ፈርቻለሁ። ፊደሎቼን ስታያቸው ይገባሻል፤ የመጀመሪያ ሳምንት ጥልፌን ነው የሚመስሉት፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች።

ፈሪ መሆኔን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ነጎድጓድ ሲጮህ ዘልዬ አንቺ አልጋ ላይ የምወጣ፣ ተቆጣጣሪው በኋላዬ ሲያልፍ ስፌት የሚጣመምብኝ ሰው ነኝ። «ሥርጉት፣ አንቺ እኮ ጥላሽ ቢያስነጥስ ትሮጫለሽ» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አሁን የፈራሁት ግን የሚያስቅ አይደለም። የፈራሁት አንቺን ነው። ይህን ደብዳቤ እያነበብሽ ፊትሽ ምን እንደሚሆን ሳስበው እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ። እንደ ልማዴ ዙሪያውን ዞሬ ነው የምደርስበት፤ ታገሺኝ።

ከኩታበር መጥቼ የልብስ ፋብሪካው ስቀጠር የማውቀው ሰው አልነበረም። «ክፍሌ ለሁለት ይበቃል፣ ነይ» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የቄስ አግማስ ልጅና የእማ ራቢያ ልጅ በአንድ ክፍል፤ በአንዱ ጥግ የማርያም ሥዕል፣ በሌላው ጥግ መስገጃሽ። በእረፍት ቀናችን ጥልፍ ስታስተምሪኝ በእጃችን የነበረው ዕቃ ሁሉ ሰው የጣለው ነበር። የመጀመሪያ ጨርቄ አሮጌ አንሶላሽ ነው፤ «መሃሉ ቢሳሳ ዳር ዳሩ ገና ጎረምሳ ነው» ብለሽ ጠርዙን ቆርጠሽ ሰጠሽኝ። ጨርቅ የምንወጥርባቸውን ሁለት ክቦች ከቀለም ባልዲ አፍ ቆርጠሽ፣ ሻካራቸውን በሲሚንቶው ወለል ላይ ፈግፍገሽ ሠራሻቸው። አበባውን በደብተር ወረቀት ላይ ሳልሽ፣ መስመሩን በመርፌ በሳሳሽ፣ ከዚያ የከሰል ዱቄት በጨርቅ ቋጥረሽ በላዩ ላይ ነካ ነካ ስታደርጊው አበባው እታች ጨርቁ ላይ ወጣ። እኔ አማተብኩ። አንቺ መሬት ላይ እስክትወድቂ ሳቅሽ። ለጥቁር ጨርቅ ደግሞ የሳሙና ስባሪ ነበር እርሳሳችን፤ ሲታጠብ ራሱ ይጠፋል።

አስቸጋሪው ክሩ ነበር። ጥሩ የጥልፍ ክር ደሴ ፒያሳ ከሚገኙት ሱቆች አይጠፋም፣ ለእኛ ኪስ ግን አልተሠራም። አንቺ ልባሽ ጨርቅ ከሚሸጡት ዘንድ ክርኑ የተቀደደ፣ አንገቱ የላላ፣ ማንም ዞሮ የማያየው ሹራብ ትመርጫለሽ። ከብብቱ ጀምረሽ ትተረትሪዋለሽ፣ በተገለበጠ በርጩማ እግሮች ላይ ትጠመጥሚዋለሽ፣ አጥበሽ እርጥቡን ድንጋይ ታንጠለጥይበታለሽ፤ ሲደርቅ ጥምልምሉ ለቆ ቀጥ ይላል። ከዚያ ፈተናው ይመጣል። ክሩን ታረጥቢና በነጭ ጨርቅ መሃል አድርገሽ በአውራ ጣትሽ ጥብቅ አድርገሽ ትጫኚዋለሽ። ነጩ እንደ ነጭነቱ ከወጣ ክሩ አለፈ ማለት ነው። ቀለም ከለቀቀ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ትራስ ውስጥ ይሞላል እንጂ ጨርቅ ላይ አይወጣም። በዚህ ነገር ለማንም አትራሪም ነበር።

እንዲህ ክር ለማግኘት ስንለፋ ማሽናችን ሥር በየቀኑ ክር ይፈስ ነበር። ከጥቅሉ መጨረሻ የቀረ፣ ለማሽን የማይበቃ፣ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ጋር ተጠርጎ በጆንያ የሚወጣ ክር። ከእሱ አንድ ክንድ እንኳ ነክተሽ አታውቂም። «ሊጣል እኮ ነው» ብልሽ፣ «እስኪጣል ድረስ የሰው ሐቅ ነው» አልሽኝ። ይዞ የተገኘ ሰው እንደሚባረር ሁላችንም ስንቀጠር ፈርመናል። አንቺ ግን መባረሩን ፈርተሽ አልነበረም። መባረሩን የምፈራው እኔ ነበርኩ። ልዩነታችን ያኔም እዚህ ላይ ነበር፣ እኔ ግን አላስተዋልኩትም።

አባቴ ኩላሊቱን ታሞ ደሴ ሐኪም ቤት የተኛ ጊዜ፣ ከዳነልኝ ለደብራችን ማርያም መጋረጃ በእጄ ጠልፌ አገባለሁ ብዬ ስለት መሳሌን ታውቂያለሽ። ዳነልኝ። አቡጀዲ ገዛሁ፣ አንቺ መስቀሎቹን በወረቀት ሳልሽልኝ፤ «አላህ ይቀበልሽ» ብለሽ ከሰሉን ያራገፍሽውም አንቺ ነሽ። ለመስቀሎቹ ዙሪያ ቀይ ክር አስፈለገ። ከገበያ ያገኘሁት ርካሽ ቀይ በፈተናው ነጩን ጨርቅ ደም አስመሰለው። ሌላም ገዛሁ፣ እሱም ለቀቀ። ያን ሰሞን ፋብሪካ ውስጥ ቀይ ሸሚዝ እንሰፋ ነበር፤ ክሩ ቢቀቀል እንኳ አይለቅም። ከማሽኔ ሥር ጭራ ጭራውን እያነሳሁ፣ ስድስቱን አንድ ላይ እየገመድኩ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጠቀለልኩ። አሥራ አንድ ቀን ሰበሰብኩ።

ስለት ለማድረስ ሰረቅሁ። ሳልሸፋፍን እንዲህ ብዬ ስጽፈው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ያን የመጋቢት ቀን ከሥራ ስንወጣ የበሩ ሰልፍ ከወትሮው ረዝሞ ነበር። ክሩ ካልሲዬ ውስጥ ነው። ፈታሿ ኩኩ ከፊታችን ያሉትን ጫማ ስታስወልቅ አየሁ። ኩኩ ጫማ አስወልቃ አታውቅም ነበር። ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነበስኩና ክሩን ወደ መዳፌ አወጣሁት፤ ግን የት ልጣለው? ከፊትም ከኋላም ሰው ነው። ያኔ ሻሽሽ ተፈታ። «ሥርጉቴ፣ ያዥልኝ» ብለሽ የምሳ ቦርሳሽን ሰጠሽኝ።

ኩኩ የአንቺን ቦርሳ አትከፍትም። «ከይሪያን ፈትሼ ምን ላገኝ ነው» እያለች ነበር ሁልጊዜ የምታሳልፍሽ። እሱን አስቤ ነው፤ ከበሩ ውጪ መልሼ አወጣዋለሁ ብዬ ነው። ላስይዝሽ አልነበረም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ይህን ማለቴ ግን ምንም አይለውጥም። ክሩን የምሳ ዕቃሽ ከተጠቀለለበት ጨርቅ ሥር ሸጎጥኩና ሻሽሽን አስረሽ ስትጨርሺ ቦርሳሽን መለስኩልሽ። «አላህ ይስጥልኝ» አልሽኝ።

ያን ቀን ማንም እንዳይዘለል ታዞ ነበር። ኩኩ ጨርቁን ገልጣ ካርቶኑን ስታወጣ ካንቺ ይልቅ የደነገጠችው እሷ ናት። «ከይሪያ? ይኼ ምንድን ነው?» አለች፣ ልትደብቀው የፈለገች ትመስል ነበር፤ ተቆጣጣሪው ግን አጠገቧ ቆሟል።

«ወላሂ አላውቀውም» አልሽ። ከዚያ ክሩን አየሽው።

እኔ ክር የምጠቀልለው በመስቀለኛ ነው፣ ከጥግ ወደ ጥግ። አንቺ ዙሪያውን ብቻ ነው። «አንቺ የቄስ ልጅ፣ ክሩንም ታማትቢበታለሽ» እያልሽ የምታሾፊብኝ አጠቃለል እዚያ በኩኩ እጅ ላይ ነበር። ክሩን አይተሽ እኔን አየሽኝ። ከዚያ ወዲያ ካንደበትሽ ቃል አልወጣም። «የማን ነው ታዲያ?» አሉሽ። ጮኹብሽ። ወደ ቢሮው ይዘውሽ ሲሄዱ ኩኩ የእኔን ካልሲ ዳሰሰች፤ ባዶ ነው። «እለፊ» አለችኝ። አለፍኩ፣ ከይሪያ። አንቺን ወደ ውስጥ ሲወስዱ እኔ በበሩ ወጣሁ።

አመሻሹ ላይ ስትመጪ «ምን አሉሽ?» ብዬ ጠየቅሁሽ፣ የማላውቅ መስዬ። «አሰናበቱኝ» ብለሽ ልብስሽን ማጣጠፍ ጀመርሽ። እኔ አለቀስኩ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ያልፋል» አልሽኝ። የተባረርሽው አንቺ፣ የምትጽናናው እኔ። አንድ ጊዜ ብቻ እጥፋቱን ትተሽ፣ «ሥርጉት፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?» አልሽ። እስከ ዛሬ ይሰማኛል። «ምን ነገር?» አልኩሽ። «እሺ» አልሽና ሻንጣሽን ዘጋሽ። የስንብት ወረቀትሽን እስክትቀበይ ሁለት ቀን ቆየሽ፤ እኔ ሥራ ስውል አንቺ ክፍል ውስጥ ብቻሽን ነበርሽ።

ከሄድሽ በሦስተኛው ቀን የመርፌ ቆርቆሮዬን ስከፍት ቀይ ክር አገኘሁ። ለዒድ የገዛሽው ቀይ ሹራብሽ ነበር፣ ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ ቀጥ ብሎ። አጠገቡ የፈተናው ነጭ ጨርቅ ታጥፏል፤ አንድ ነጠብጣብ የለበትም። ክሩም በካርቶን ላይ በመስቀለኛ ተጠቅልሏል፣ እኔ እንደምጠቀልለው።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ታውቂ ነበር። አውቀሽ ዝም አልሽ፣ አውቀሽ አጽናናሽኝ፣ አውቀሽ ሹራብሽን ተረተርሽልኝ። ብትሰድቢኝ እሰማሽ ነበር፣ ብትጮኺብኝ እጮህ ነበር። በእንዲህ ያለ ደግነት ፊት ምን ይደረጋል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው መፍራት ማለት የገባኝ። ኩኩ ስታየኝ ያወቀች ይመስለኛል። ስልክሽ ላይ እደውላለሁ፣ እንዳይነሳ እየለመንኩ፤ ዝግ ነው ሲለኝ እተነፍሳለሁ። ክሩን አልነካሁትም። መጋረጃው ያለ ቀይ ተሰቀለ፤ አባቴ «ዙሪያው ባዶ አልሆነም ወይ?» ቢለኝ «እንዲህ ነው የሚያምረው» አልኩት።

ይህን ሁሉ ተሸክሜ ዝም ብዬ እኖር ነበር፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ባለፈው ወር ግን ለመርፌ ደሴ ፒያሳ ወጥቼ እናትሽን አገኘኋቸው። «የከይሪያ ጓደኛ አይደለሽም ወይ? ነይ እስቲ ልጄ» ብለው እጄን ይዘው ሆጤ ቤታችሁ ወሰዱኝ። ውኃ ሰጡኝ። ከፊቴ ተቀመጡ።

«በምታምኚው ይዤሻለሁ። አብረሻት ነበርሽ። ልጄ ሰርቃለች?» አሉኝ።

ብርጭቆውን ወደ አፌ አነሳሁ።

«ቁርኣን አስይዤ ጠየቅኋት» አሉ። «አልወሰድኩም አለች። ማን ወሰደ ታዲያ ስላት አፏን ዘጋች። ሁለት ቦታ ሥራ ብትጠይቅ ወረቀቷ ላይ ‹በስርቆት› የሚል አይተው መለሷት። እኔ የአባቷን ስም ሳላስነካ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ተናደድኩ። የሰረቀ እጅ ከኔ ትሪ አይበላም አልኳት። በነጋታው ሎግያ ወረደች፣ በዚያ ሙቀት ሰው ቤት ሰሃን ታጥባለች። ስልኳንም ዘግታብኛለች። እኔም ትሪው ላይ ብቻዬን ነኝ። አንድ ቃል ንገሪኝ፣ ልጄ። ሰርቃም ከሆነ ልወቀው።»

ከይሪያ፣ አንድ ቃል ነበር የተጠየቅሁት። «አላውቅም እማ፣ እኔ ቀድሜ ነበር የወጣሁት» አልኩ። «እውነትሽን ነው፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብለው ራሴን ዳበሱኝ። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «እህት፣ አሞሻል?» አለኝ። ያቺ እጅ ራሴ ላይ ያለች ይመስለኝ ነበር። በሩ ላይ ያደረግሁት የድንጋጤ ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር፤ የሆጤው ግን ተቀምጬ፣ ውኃ እየጠጣሁ ነው።

በማግሥቱ የሰው ኃይል ቢሮ ገባሁና ለኃላፊው ለአብዱልባሲጥ ሁሉንም ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ። «ሰባት ወር ያለፈው ነገር! ፋይሉ ተዘግቷል። ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ፣ ማሽንሽ ላይ ተመለሺ» አለኝ። ብን ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን እስከ ግማሽ ስወርድ ደስታ ነበር የተሰማኝ፤ ተናግሬያለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ እያልኩ። ከዚያ ደስታዬ ራሱ አስፈራኝ። ተመለስኩ። «የሷ ወረቀት እንዲታረም ነው የምፈልገው» አልኩት። «እንግዲያው በጽሑፍ አምጪ። ግን አስቢበት፣ ከጻፍሽ ወዲያ እኔም ዝም ማለት አልችልም» አለ።

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦ «ክሩን የወሰድኩትም፣ በከይሪያ ቦርሳ ውስጥ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ከይሪያ አልወሰደችም፤ ቦርሳዋ ውስጥ መኖሩንም አታውቅም ነበር።» እስክሪብቶው ሁለቴ ወድቆብኛል። ግልባጩ ማኅተም አርፎበት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ።

እኔን ማክሰኞ ዕለት አሰናበቱኝ። ኩኩ በበሩ ስታስወጣኝ አላየችኝም፣ ማየት አልፈለገችም። የአንቺ ወረቀት ታርሟል፤ ራስሽ መጥተሽ ፈርመሽ ትወስጃለሽ ብለዋል። መመለስ ብትፈልጊም ያነጋግሩሻል። አሁን ክፍላችን ውስጥ የዱቄት ከረጢት ቀቅዬ፣ ጽሑፉን አስለቅቄ የትራስ ልብስ እጠልፋለሁ። ክሩ የተተረተረ ሹራብ ነው፣ አንቺ እንዳስተማርሽኝ። አንዱን ክር ሦስት ጊዜ ነው የምፈትነው።

ስልክሽ ዝግ ስለሆነ ይህን የሚያደርስልሽ የአክስትሽ ልጅ መሕሙድ ነው፤ ከነገ ወዲያ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደ ሎግያ ሲወርድ በእናትሽ ቤት በኩል ያልፋል። ስለዚህ ደብዳቤውን ሆጤ ማድረስ አለብኝ። እማ ራቢያ ማንበብ አይችሉም። አጥፌ ብሰጣቸው ምን እንደያዘ ሳያውቁ ለመሕሙድ ይሰጡታል፣ እኔም ፊታቸውን ሳላይ እወጣለሁ። ይህ ሐሳብ ሲመጣልኝ ቀለል አለኝ፤ ወዲያው ግን ያ የደረጃው ደስታ መሆኑን አወቅሁት። እና ቁጭ ብዬ ላነብላቸው ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ ስሜ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ደሴ፣ ኅዳር 10

ይህን የምጨምረው ሆጤ፣ በራፋችሁ ላይ ተቀምጬ ነው። አነበብኩላቸው። የሰልፉ ቦታ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ፤ «ቀጥይ» አሉኝ። ስለ ራሳቸው የጻፍኩት ጋ ስደርስ ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ስጨርስ ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝ በወደድኩ።

«ያችን ድገሚልኝ» አሉ።

«የቷን፣ እማ?»

«አልወሰደችም የምትለዋን።»

ደገምኩላቸው። «እንደገና» አሉ። በሦስተኛው ላይ ቃሉን አብረውኝ ይሉት ነበር። ከዚያ ሻሻቸውን በፊታቸው ላይ አደረጉ፣ ትከሻቸው ሲርገበገብ አየሁ። እግራቸው ሥር ወድቄ «እማ፣ አፉ በሉኝ» አልኳቸው። እግራቸውን ሰበሰቡ። «ሐቁ የሷ ነው። አፉ የምትልሽም እሷ ናት፣ ካለችሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አልዞሩም።

መሕሙድ መጥቷል፣ መኪናው ከመንገዱ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ደብዳቤውን ሊቀበል እጁን ቢዘረጋ «አልሰጥህም» አሉት። ዘመድ ጋ ካልሆነ ከደሴ ወጥተው የማያውቁት እናትሽ የጉዞ ጫማቸውን እያደረጉ ነው። የፊት ወንበሩን እንዲጠርግላቸው አዘውታል። «ስትጨርሺ አምጪው» እያሉኝ ስለሆነ መፍጠን አለብኝ።

ይቅርታሽን በዚህ ደብዳቤ አልጠይቅም። መልስ ብትልኪልኝ እፈራለሁ፣ ባትልኪም እፈራለሁ፤ ሁለቱንም እችላለሁ። አሁን ግን ይህን መስመር ስታነቢ እናትሽ ከፊትሽ ቆመዋል፣ መጀመሪያ ምን እንደሚሉሽ አጥተው። እኔን ተይኝና ቀና ብለሽ እያቸው።

ክሩን የወሰደችው
ሥርጉት አግማስ